ስለ ሙታን ብሎ ወንዝ የገባው ልብስ ሰፊ

ከወንዙ ዳር የነበርነው ሰባት ሰዎች ነን። ልብስ ሰፊው ሽብሩ ነጭ የአቡጀዲ ቀሚስ ለብሶ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም ፉጄ ከሁላችንም ከፍ ብሎ፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃል። ከድንጋዩ ሥር ሣሩ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ተቀምጣለች፤ ሦስት ልጆቿን ፈንጣጣ በአንድ ክረምት የወሰደባት ሴት ናት። ሰባተኛ ክፍል የሚያስተምረን መምህር ታደሰ፣ ከሰሜን ተመድቦ የመጣው፣ ዋንዛው ሥር ሆኖ የእጅ ሰዓቱን ይመለከታል። ባለጋሪው ከድር የፈረሱን ልጓም ይዞ መንገዱ ላይ ቀርቷል። ሙስሊም ስለሆነ ቀርቦ ማየት አልፈለገም፣ ጥሎ መሄድም አልሆነለትም። እናቴ ከኔ በስተቀኝ አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ቆማለች። እኔ ውሃው ጠርዝ ላይ ሆኜ የሽብሩን መዝገብ ይዣለሁ። ስሞቹን የማነበው እኔ ነበርኩ።

ይህን ነገር ለማንም ተርኬው አላውቅም። ሰሞኑን ያስታወሱኝ ሁለት ወጣት ፈረንጆች ናቸው። አዲስ አበባ የልጅ ልጄ ቤት ሰንብቼ ሳለ በሩን አንኳኩ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ከረባት፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር ነገር። አንደኛው አማርኛ ይሞክራል። ስለ ሃይማኖታቸው ሊያስረዱኝ እንደመጡ ነገሩኝ። አስገባኋቸውና ሻይ አቀረብኩ፤ አመስግነው አልጠጡም። እንደማይጠጡ ገምቼ ነበር፤ ያቀረብኩት ለማረጋገጥ ነው። ከዚያ ለሞቱ ሰዎች ስትሉ ውሃ ውስጥ ትገባላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አማርኛ የሚሞክረው ልጅ ይህ የሚደረገው በተቀደሰ ቤት ውስጥ እንጂ በወንዝ እንዳልሆነ፣ ሥልጣን የሌለው ሰውም ሊያደርገው እንደማይችል፣ ማን እንደነገረኝም ሊያውቅ እንደሚፈልግ በትህትና አስረዳኝ። ቡታጅራ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ያደርገው ነበር አልኩት። ምናልባት ሰውየው ተሳስቶ ይሆናል አለኝ። ይሆናል አልኩ። ወረቀት ሰጥተውኝ ሄዱ።

ቡታጅራ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ከላይ እስከ ታች በሩብ ሰዓት ተሄዶ የሚያልቅ ከተማ ነበር። ዛሬ አስፋልቱና ፎቁ መንገዱን ቢያጠፋብኝም ዓይኔን ብጨፍን አሁንም ሳልደናቀፍ እሄደዋለሁ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ የሚቆምበት ሜዳ፣ ከፊት ለፊቱ ባትሪ ሬዲዮ ያለው ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ የሽብሩ ሱቅ። አንድ ብርጭቆ ሻይ በአምስት ሳንቲም ነበር፤ ዳቦ ያው። ሱሪ ማሳጠር ስሙኒ፣ የቺት ቀሚስ ማሰፋት አንድ ብር ከሽልንግ፤ ለመስቀል ሰሞን ግን ሥራ ስለሚበዛ ሁለት ብርም ተከፍሎ ወረፋ ይጠበቃል። የመንግሥት ሠራተኞች ሱፍ ኮትና ባርኔጣ ያደርጋሉ፤ ነጋዴዎቹ ካኪ ቁምጣ ላይ ጋቢ ይደርባሉ፤ እኛ ልጃገረዶቹ ኮንጎ ጫማ ካገኘን እንደ ሙሽራ ነበር የምንራመደው። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ላይ የዘፈን ምርጫ ሲጀመር ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ብርድ የሻይ ቤቱን መጋረጃ እያርገበገበ ዘፈኑን ሱቅ ለሱቅ ያዞረዋል። ሽብሩ ብቻ ሌላ ዜማ ነበረው። የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ የፈረንጅ መዝሙር በጉራጊኛ ቃል ያንጎራጉራል። ቃሉን ያወጣው ራሱ ነው።

ሽብሩ ከወልቂጤ አካባቢ ነው። እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ በአፍላነቱ አዲስ አበባ ገብቶ ጫማ ጠርጓል፣ ዕቃ ተሸክሟል፣ በመጨረሻ መንገድ ከሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ቤት ወጥ ቤት ሆኖ ተቀጠረ። ሃይማኖቱን የተቀበለው እነዚያ ሰዎች ቤት ነው። ያጠመቁትም በግቢያቸው የመዋኛ ገንዳ ውስጥ እንደነበር እየሳቀ ነግሮናል። ሰዎቹ አገራቸው ሲመለሱ ሴትየዋ የስፌት መኪናዋን፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍና ባዶ መዝገብ ሰጠችው። ሌሎች እስኪመጡ ድረስ አንተ ጠብቅ አሉት። እሱም ቃላቸውን እንዳለ ወሰደው። ቡታጅራ መጥቶ እሑድ እሑድ ሱቁን ዘግቶ ጸሎት መምራት ጀመረ። መጀመሪያ መሪውም ተመሪውም እሱ ነበር፤ በኋላ እትዬ ብርቄና ሁለት የወፍጮ ቤት ሠራተኞች ተጨመሩ፤ ወልቂጤም ሁለት ሰዎች ነበሩት፤ እነሱን ለማየት በወር አንዴ ደጋውን በእግሩ ያቋርጣል። ከአሜሪካ የሚመጡትን ሌሎች ዕድሜውን ሙሉ ጠበቃቸው። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከመኪናው ላይ ቀና ብሎ የሚወርደውን ሰው ያይ ነበር።

ቡናም አረቄም ጫትም አይቀምስም። ቡና የማይጠጣ ጉራጌ ከተማው አይቶ ስለማያውቅ ሴቶቹ ለከፋ ያዙት፤ አንተ ሰውዬ ያለ ቡና ከማን ጋር ልትታረቅ ነው፣ ይሉታል። እሱ ደግሞ ቡናው ከመጨመሩ በፊት ሙቅ ውሃውን ለኔ ስጡኝ፣ ጥቁሩን እናንተ ድረሱበት፣ ብሎ ያስቃቸዋል። ስሙ «ሙቅ ውሃ» ሆኖ ቀረ። ከሙቅ ውሃ በኋላ ግን ሌላ ስም ወጣለት፤ ያን ስም ሲጠሩ ማንም አይስቅም። «የሙታን ልክ ወሳጅ» አሉት።

ምክንያቱ መዝገቡ ነው። መጽሐፉ ይህን እምነት ሳይሰሙ ለሞቱ ሰዎች በሕይወት ያለ ዘመድ ወይም አማኝ ሊጠመቅላቸው እንደሚችል ይናገራል ብሎ ያምናል። ሽብሩን ማንም ሥልጣን አልሰጠውም፤ ይህን የሚያውቅ ፈረንጅም አጠገቡ አልነበረም። እና ራሱ ለብሶ፣ ራሱ ገብቶ፣ ራሱ ጠለቀ። በእኛ አገር ደግሞ ሰው የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም ቆጥሮ አይጨርስም፤ አንድ ሽማግሌ አፉን ከከፈተ አሥራ ሁለት ትውልድ ይዘረግፋል። አሜሪካኖቹ ሲሰጡት ዕድሜ ልክ ይበቃዋል ያሉት መዝገብ በሁለት ዓመት ሊሞላ ተቃረበ። ሥርዓት ነበረው፤ የሥጋ ዘመድ በአፉ ካልሰጠው ስም አይጽፍም። ከድር አንድ ቀን ጋሪው ላይ ተቀምጦ፣ «ሽብሩ፣ ወላሂ የኛዎቹን ተዋቸው፤ ደኅና ናቸው» አለው። ሽብሩም ሳቀና ተዋቸው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን መምህር ታደሰም አይቶታል፤ የኔ የልጅነት ዓይን ብቻ ያየው አይደለም። ሽብሩ ውሃው ውስጥ ሆኖ አንድ ስም ከተነበበለት ወዲያው አይጠልቅም። ጥቂት ይቆማል። ከዚያ ሰውነቱ ይለወጣል። የወፈረ ሰው ስም ከሆነ መቀነቱን ያላላል፣ የቀጠነ ከሆነ ያጠብቃል፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ይህን ልማድ ነው ልንለው እንችላለን። ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ በቀር ማንም የማያስታውሰው የአንድ የጥንት ሰው ስም ሲነበብ የሽብሩ ግራ ትከሻ ወረደ፤ ዳር የነበሩት ሽማግሌ ደንግጠው ያ ሰው በጦር ተወግቶ ትከሻው የወረደ እንደነበር ተናገሩ። ማንም አልነገረውም። ከጠለቀ በኋላ ሲወጣ ትከሻው ተመልሷል፤ ቀጣዩን አንብቢ ይለኛል። መዝገቡን የማነብለት ሰባተኛ ክፍል ስለደረስኩና ድምፄ ስለማይንቀጠቀጥ ነበር። ማታ ስተኛ ያነበብኳቸውን ስሞች ላለመድገም አፌን እይዝ ነበር።

አባቴ በርጋ ወልዴ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ቤተሰባችን ከቸሃ ነው፤ ለንግድ ብሎ እናቴን ይዞ ቡታጅራ ገባ። በበርበሬ ወቅት ሁለት አህዮች እየነዳ ወደ ቆሼ ቆላ ይወርዳል፤ በሳምንት ቢበዛ በዐሥር ቀን ይመለሳል። አንድ ጊዜ ሃያ ቀን ሆነ። በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ሁለቱ አህዮች ብቻቸውን በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ጭነቱ አልጎደለም። ጆንያዎቹ ግን የታሰሩበት አስተሳሰር የአባቴ አልነበረም፤ እሱ ከላይ ይቋጥራል፣ ይህ ከጎን የተቋጠረ ነው። እናቴ ቋጠሮውን ለብዙ ጊዜ ሳትፈታው ቆየች። ሰው ተላከ፣ ቆሼ ተጠየቀ፣ በርበሬውን ገዝቶ እንደወጣ የሚያውቁ ተገኙ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነን ተቀመጥን።

እናቴ መርዶ አልቀበልም አለች። ይህ ለሷ ትልቅ ነገር ነበር፤ ለምን እንደሆነ ልናገር። በአገሩ ልማድ ባል ሲሞት ወንድሙ ሚስቲቱን ይወርሳል። ፉጄ ሚስት ነበረው፤ ሆኖም የወንድሜን ቤት ባዶ አላደርግም ይላል። ክፉ ሰው አልነበረም። የትምህርት ቤት ደብተሬን የሚገዛልኝ እሱ ነው፤ ለሽብሩ የሱቁን ቤት ያለ ኪራይ የሰጠውም፣ እሑድ እሑድ በጸሎቱ የሚቀመጠውም እሱ ነው። ነገር ግን እናቴን ሲያይ ቤት እንደሚያይ ሰው ነበር፤ በሩንም ጣሪያውንም። እሷ ሲቀርባት ነጠላዋን ትከናነባለች። ለመስቀል ቸሃ በወጣን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ላይ፣ በቤቶቹ መካከል በተዘረጋው ሰፊ ሣር፣ ተቀምጠው አስጠሯት። ሁለት ዓመት በቃ፣ ለቅሶውን ተቀመጪ አሏት። አስከሬኑን አሳዩኝና አለቅሳለሁ ብላ መለሰች። ሦስት ጊዜ አስጠሯት፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ አለች።

ፉጄ ያኔ መላ አመጣ። የአባቴን ስም ለሽብሩ ሰጠ። ወንድም ነውና የመስጠት መብት አለው። ሽማግሌዎቹን ደግሞ፣ ስሙ በሙታን መዝገብ ሲጠራ ሚስቱ ቆማ ከሰማች ለቅሶው እንደተቀመጠ ይቆጠር ብሎ አሳመናቸው። በሽብሩ ሃይማኖት ባያምኑም ይህን አንቀበልም አላሉም፤ መቋጫ ይፈልጉ ነበር። ወንዙ ዳር ካልመጣች ከነልጇ ከቤቱ እንድትወጣ ተወሰነ። እናቴ ሰማች። ማጀት ገብታ ቆጮውን መክተፍ ቀጠለች።

ከእሑዱ በፊት ሐሙስ ዕለት ሽብሩ ቤታችን መጣ። አንገቱ ላይ ሜትሩን አንጠልጥሎ መዝገቡን ይዞ ነበር። የአባቴ ቁመና እንዴት እንደነበር ሊጠይቃት እንደመጣ ተናገረ። እናቴ ቀና አላለችም።

«ሄደህ ወንድሙን ጠይቀው፣ አቶ ሽብሩ» አለችው። «የሞተው ለሱ ነው።»

ሽብሩ አልተከራከራትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቴን ኮት ልለካ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ፤ አልከለከለችውም። ትከሻውን ለካ፣ እጅጌውን ለካ፣ ወደ መዝገቡ ሄዶ እርሳሱን አነሳና ቆመ። ተመልሶ ለካ። እንደገና ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ሲለካ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ሜትሩን አየሁ፣ ስልሳ አንድ ይላል። እሱም አየ። መዝገቡ ጋ ሲደርስ ግን እጁ አልጻፈም። ይህን ሁሉ ዓመት ልክ ወስጃለሁ አለኝ፣ ቁጥር ከዓይኔ እስከ እጄ ድረስ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሳይሰናበት ወጣ።

የሽብሩን መጨረሻ እዚህ ላይ ልናገረው፤ በኋላ አልመለስበትም። ከዚያ እሑድ በኋላ ቡታጅራ አልቆየም። መኪናውን በከድር ጋሪ ጭኖ ወጣ። ከድር ምንም አላስከፈለውም። ወልቂጤ ገብቶ ገበያው ዳር በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ሰፋ። አብዮቱ ሲመጣ፣ የውጭ ሃይማኖት የተጠረጠረ ጊዜ፣ መጽሐፉን ወሰዱበት ይባላል፤ መዝገቡን ግን አላገኙትም። እኔ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ስማር አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። በጥቂት ዓመት ውስጥ አርጅቶ ነበር። ስለ ወንዙ አልተነጋገርንም፤ የዩኒፎርሜን ጫፍ አገላብጦ አይቶ ይህን የሰፋው ሰው ክር ይቆጥባል አለኝ። ሲሞት ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም አልቀበረውም። አንድ ሙስሊም ገበሬ ከእንሰት ማሳው ዳር ቦታ ሰጠ። የአውቶቡስ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ነው።

እንግዲህ እሑድ ነው፤ ከቀትር በኋላ። ደመና ነበር፤ ውሃው ግን ያን ያህል አልደፈረሰም። መጀመሪያ የእትዬ ብርቄን ልጆች አነበብኩ። ለታላቁ ሽብሩ ጉልበቱን ትንሽ አጠፈ። ለሁለተኛው ተንበረከከ፣ ውሃው ደረቱ ደረሰ። ሦስተኛዋ ክርስትና ሳትነሳ የሞተች ስለሆነች ስም የላትም፤ መዝገቡ ላይ «ሦስተኛዋ» ተብሎ ነው የተጻፈው። እሱን ሳነብ ሽብሩ ወደ ታች ወደ ታች ወረደ፣ ከአገጩ በላይ ብቻ ከውሃው ወጥቶ ቀረ። እትዬ ብርቄ አላለቀሰችም። ለማንም ሳይሆን፣ አዎ፣ ቁመቷ ይኸው ነበር አለች። ከድር መንገዱ ላይ ፊቱን ወደ ፈረሱ አዞረ።

ቀጥሎ የፉጄ ሦስት የጥንት አባቶች ነበሩ፤ ቶሎ አለፉ። ከዚያ ገጹን ገለጥኩ። ፉጄ ድንጋዩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «በርጋ ወልዴ» ብዬ አነበብኩ። ድምፄ እንደሌሎቹ ስሞች ወጣ።

ሽብሩ ቆመ። እንደ ልማዱ ጠበቀ። መቀነቱን አላላው፣ አጠበቀው፣ ተወው። አንዱን እግሩን አሳረፈ፣ ሌላውን ሞከረ። ጫማ የሚለካ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ እንዲሁ በራሱ ቁመት ጠለቀ። ውሃው ከላዩ ተዘጋ። መምህር ታደሰ ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። ሌላ ጊዜ ሽብሩ አንዴ እስክንተነፍስ ይወጣ ነበር። አሁን ቆየ። ነጩ ቀሚስ ከሥር ይታያል፤ በውስጡ ሰው ያለ አይመስልም። መምህር ታደሰ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ወጣ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ስሙን ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩ። እንደገና ጠለቀ፤ የበለጠ ቆየ። ሲወጣ ወደኔ አልተመለከተም፤ ወደ ፉጄም አይደለም። ወደ እናቴ ነው።

«ይህን ሰው ከሙታን መካከል አላገኘሁትም» አላት።

ፉጄ ከድንጋዩ አልወረደም። ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው።

«ሽብሩ፣ ስም ሰጥቼሃለሁ። ሥራህን ጨርስ።»

«ስሙን ሰጥተኸኛል» አለ ሽብሩ። «የሞተ ሰው ግን አልሰጠኸኝም።»

«የምትቀመጥበት ቤት የማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ቁልፉ የስፌት መኪናው ላይ ነው፤ ዛሬ እወጣለሁ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ልጄ፣ ሰርዢው።»

እርሳሱን ከመዝገቡ ጀርባ አወጣሁና የአባቴን ስም በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ወረቀቱ ረጥቦ ስለነበር ትንሽ ተቀደደ። ፉጄ አየኝ። መምህር ታደሰ የጫማውን ማሰሪያ መልሶ አሰረ።

እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ የተከናነበችውን ነጠላ ከራሷ አወረደች፣ አራገፈችና ወገቧ ላይ አሰረችው። ወደኔ መጣች። መዝገቡን ከእጄ ወስዳ ዘጋችና መልሳ ሰጠችኝ፤ ከዚያ በዓይኗ እትዬ ብርቄን አሳየችኝ። እትዬ ብርቄ ከሣሩ ላይ ተነስታ መጥታ ክንዴን ያዘች። እናቴ ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች፣ ውሃው ውስጥ ገባች። ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ሽብሩ አጠገብ ስትደርስ እርጥብ ትከሻውን ተደግፋ አለፈች። ማዶ ወጥታ ጫማዋን አደረገችና አህዮቹ ብቻቸውን በተመለሱበት፣ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ሄደች።